የቀኙ ጎማ ቀለበት

አስካልዬ፣

ከተለየሽን ወዲህ ሁለተኛው መስቀል አለፈ። ቡታጅራ ደህና ናት። ከበራችን እስከ አስፋልቱ ኮብልስቶን ተነጥፏል። ልጃችን ትዕግስት የስፌት መኪናሽን ወደ መስኮቱ አዙራ ትሠራበታለች። አንቺ የጀመርሻት ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪም ተሠርታ አልቃለች፤ የምጽፍልሽ ስለ እሷ ነው።

ግራ ጉልበትሽ አልታጠፍ ብሎ ሳይክል አልሆነልሽም ነበር። የስፌት መኪናውን መርገጫ ግን ቀኑን ሙሉ ትረግጪ ነበር፤ እሱ የሚፈልገው ቁርጭምጭሚት ብቻ ነው። አንድ ቀን የሰፋሽውን ዩኒፎርም ታቅፈሽ ባጃጅ ስትጠብቂ፣ ይሄ መርገጫ እኔንስ ቢወስደኝ አልሽ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከአሮጌ የስፌት መኪና የተፈታ መርገጫ፣ የሳይክል ጎማዎችና ካቴና ጓሮ ተከምረው አገኘሁ።

ስትሄጂ ብረቱ ተበይዶ መገጣጠሙ ብቻ ቀርቶ ነበር። ከበያጁ ከሸምሱ ጋር ጨረስነው። አንድ ነገር ግን ተረፈን፤ ከጎማው ትንሽ የሚያንስ የብረት ቀለበት። አንቺ እንዳሠራሽው ሸምሱ ያስታውሳል፤ ለምን እንደሆነ አልነገርሽውም። ጌጥ ይሆናል ብለን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው።

ተቀምጬ ስረግጥ ወደ ኋላ ሄደች። ደግሜ ስረግጥ ይዛኝ እንሰቱ ውስጥ ገባች። ከሚፈለገው ተቃራኒ ስለምትሄድ የባጃጅ ሾፌሮቹ «ወልቂጤ ሲሏት ቆሼ» ብለው ስም አወጡላት። ሸምሱ መርገጫው ወጥቶ የሳይክል ፔዳል ይግባ አለኝ። እንዲያ ቢሆን ትሄድ ነበር፤ ግን ያንቺ ሐሳብ ከውስጧ ይወጣል። ጥቂት ታገሠኝ አልኩት።

ከዚያ ጋዜጣዬን ትቼ ትዕግስት ስትሰፋ ማየት ያዝኩ፤ እግሯን ብቻ። የቸገረኝን ስነግራት ከሥራዋ ቀና ሳትል፣

«አባዬ፣ መጀመሪያ በእጅ ነው እኮ» አለችኝ።

ያን ጊዜ እጇን አየሁ። ከመርገጧ በፊት የስፌት መኪናውን መዘውር በቀኝ እጇ ታዞረዋለች፤ አቅጣጫ ሲይዝ እግሯ ይከተላል። አንቺም ፊት ለፊቴ ስንት ዘመን እንዲሁ አድርገሻል። ለሸምሱ ያልነገርሽው፣ ለልብስ ሰፊ ይህ የሚነገር ነገር ስላልሆነ ይመስለኛል።

ቀለበቱን አውርደን ቀኝ ጎማው ላይ በየድነው። ቀለበቱን በእጄ ወደ ፊት ገፋ አድርጌ ረገጥኩ። አስፋልቱ ድረስ ሄደች። አሁን ትዕግስት ዩኒፎርሙን የምታደርሰው በሷ ነው፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም።

አንድ ነገር አሁንም ጥያቄ ይሆንብኛል። ወንበሩን ለሁለት ሰው አድርገሽ አሠርተሽዋል። ለጨርቅ እንዳልል የጨርቁ ቦታ ከኋላ አለ። ቀለበቱ በቀኝ ስለሆነ ነጂው ቀኙን ይይዛል። ግራው የኔ ነበር? ስለ ሌላው ሁሉ ሰው ስጠይቅ ኖሬ ይህችን አንዲት ጥያቄ ላንቺ ሳላቀርብ ቀረሁ።

መልሱን ሳልጠብቅ፣ ትዕግስት ስትነዳ ግራው ላይ እቀመጣለሁ። ጎማውን በእጇ ገፋ ባደረገች ቁጥር፣ አስካልዬ፣ አስብሻለሁ።