ውሃ የማያስለቅቀው ማስካራ

ሰኞ

ግራ ዓይኔ አልገለጥ ብሏል። ቀኙ ቀልቷል። ሙሽራ አሳምራለሁ ብላ ሳሎን የከፈተችው ሴት እንግዲህ ይህቺ ናት። ጠዋት በሩን ስከፍት ጎረቤቴ ባለሱቁ አየኝና "ኢጅ ኬ ማል ታኤ?" አለኝ፤ ዓይንሽ ምን ሆነ ማለቱ ነው። ሽንኩርት አልኩት። በጠዋቱ ማን ሽንኩርት ይልጣል?

ነገሩ እንዲህ ነው። እሑድ የጨፋ ሮቢቷ ሐያት ትዳራለች፤ ሳሎን ከከፈትኩ የመጀመሪያዋ ሙሽራዬ ናት። በዚህ የከሚሴ ሙቀት ተራ ማስካራ ጉንጭ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ውሃ የማያስለቅቀውን ገዛሁና ለሶላት ታጥበው ውዱእ ቢያደርጉበትም ንክች አይልም ብዬ ተኩራራሁ። ትናንት ለሐያት ስነግራት፣ "ውሃው ሽፋሽፍቴ ጋ ካልደረሰ ምኑን ውዱእ ሆነ?" አለች። በጣም አፈርኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ስሰግድ ኖሬ ሥራና ገበያ ሲመጣ ረሳሁት።

ሐያት ሶላት አምልጧት አያውቅም፤ በሠርጓ ቀን አትጀምርም። ለቀትሩ ሶላት፣ ለዙሁር፣ ቶሎ የሚለቅ ከሆነ እሺ፣ ካልሆነ ባዶ ፊቷን ትዳራለች። እናቷ እትዬ ሞሚና ከመጀመሪያውም ቀለም የሚባል ነገር አይወዱም፤ "እንዲያውም ይቅር" ብለው ተነሱ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ፣ አስለቅቀዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ማታ ራሴን ተኳልኩና በሳሙና ፈተግኩት። ውጤቱ ከላይ ተጽፏል።

ማክሰኞ

የዛሬ ሙከራ፣ በቀኙ ዓይን ብቻ፦

ቫዝሊን። ለቀቀ። ግን እስከ ምሳ ድረስ ሰው ሁሉ በጉም ውስጥ የሚሄድ መሰለኝ።

የሕፃን እርጥብ ሶፍት። ሽቶ አለው፣ አቃጠለኝ። ሕፃናቱ እንዴት እንደቻሉት አላህ ይወቅ።

ከደሴ በሚኒባስ ያስመጣሁት የማስካራ ማስለቀቂያ። ጠርሙሱ ያምራል። ሌላ የምለው የለኝም።

ፀጉር ልትሠራ የመጣች ልጅ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውን ሞክሪ አለችኝ። ተቆጣኋት። በኋላ ደግሞ ቁጣዬ በሷ ላይ እንዳልነበረ ገባኝና ይቅርታ ጠየቅኳት። አምስት ቀን ቀርቷል። ሮቢት ላይ ስሜ ከጠፋ ከሚሴ ለመድረስ አንድ የገበያ ቀን ይበቃዋል።

ረቡዕ

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ዓይኔን ገልጣ አየችና በምን እንደፈተግሽው ንገሪኝ አለች። ስዘረዝርላት መጻፍ አቆመች። ዓይንሽን የጎዳው ቀለሙ ብቻ አይደለም፣ እጅሽም ነው አለችኝ። ሽታ የሌለው ንጹሕ ዘይት፣ ዓይን ተጨፍኖ፣ ሳይፈተግ። እኔ ግን እስኪድንልኝ ምንም እንዳላስነካው አስጠነቀቀችኝ።

መልካም። ታዲያ በማን ዓይን ልሞክር? ቤት ገብቼ ለእናቴ ሳማርር "የኔ ዓይን ምን አለበት?" አለች። ስድሳ ዓመት አልፏታል፣ ማስካራ ነክቷት አያውቅም።

ሐሙስ

አልሐምዱሊላህ! መጀመሪያ ይህን ልጻፍ።

እናቴን ኳልኳት። መስታወት ሰጠኋት፤ አየችና በሳቅ ፈረሰች። ጥጥ በሰሊጥ ዘይት ነክሬ በተጨፈነ ዓይኗ ላይ አደረግኩና፣ ልማድ ነው፣ ልፈትግ ስል እጄን ያዘችው። "ሱታ፣ ሱታ፤ ቀስ በይ እንጂ፣ ምጣድ መሰለሽ?" አለች። እጄን እንደያዘች በሌላው እጇ ጣቶች ተስቢሕ ጀመረች። ሱብሓነላህ፣ ሱብሓነላህ፣ እስከ ሠላሳ ሦስት። ስትጨርስ ለቀቀችኝ። ጥጡን ወደ ታች ሳብ ሳደርገው ማስካራው እንዳለ አብሮት መጣ። ዓይኗ አልቀላ፣ አላለቀሰ።

ለካ ሳምንቱን ሙሉ የጎደለኝ ትዕግሥት ነበር። የሰሊጥ ዘይቱማ ድሮም ጓዳ ውስጥ አለ።

አርብ

አንድ ነገር ቀረ። ዘይቱ ራሱ ውሃ ይመልሳል። እናቴን በለስላሳ የሕፃን ሳሙና አስታጠብኳት፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ውሃው ሽፋሽፍቷን አረጠበው። ለጁሙዓ ለመውጣት ስትዘጋጅ እንደገና ልኳልሽ ብላት "በቃኝ፣ ዓይኔን አዋስኩሽ እንጂ አልሸጥኩልሽም" አለች።

ለሐያት ደወልኩ። እርግጠኛ ነሽ አለችኝ። ነኝ አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ግን ሽፋሽፍቷ ትዝ አለኝ። የእናቴ ሽፋሽፍት ሳሳ ያለ ነው፤ የሐያት ደግሞ እንደ ጫካ ነው። አላህ ያውቃል።

ቅዳሜ

ግራ ዓይኔ ተገልጧል። ዕቃ ሸከፍኩ፦ ጥጥ፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ንጹሕ ፎጣ፣ ትርፍ ጥጥ። ሌላ ትርፍ ጥጥ።

እሑድ

ሮቢት ገና በማለዳ ደረስኩ። ሐያትን ኳልኳት፤ አማረች፣ ማሻአላህ። ፎቶ ተነሱ፣ ዘፈኑ። ሙቀቱ በረታ፣ ማስካራው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

የዙሁር አዛን ተሰማ። ሐያት ምንም ሳትል መጥታ ፊቴ ቁጭ አለችና ዓይኗን ጨፈነች። የሙሽራው ሰዎች ተነስተዋል ተብሎ ስለተደወለ አክስቶቿ አናቴ ላይ ቆመው ፍጠኝ፣ ፍጠኝ ይላሉ። እኔ ጥጡን ይዤ ተስቢሕ ላይ ነኝ። ሃያ ላይ ስደርስ እጄ ልፈትግ ልፈትግ አለ፤ ያዝኩት። ሠላሳ ሦስት። ሳብ ሳደርገው ጥጡ ጥቁር፣ ዓይኗ ንጹሕ። ታጥባ፣ ውዱእ አድርጋ ሰገደች።

ያን ጊዜ እትዬ ሞሚና ጥጡን ካስቀመጥኩበት ሳህን አንስተው አገላበጡት። ቀለም ሊወቅሱ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

"እኔ ስዳር ኩልሽ ይበላሻል ብለው ውዱእ ከለከሉኝ" አሉ። "የሠርጌ ዙሁር አመለጠኝ። በኋላ ሰግጄ ቀዷ አውጥቼዋለሁ፤ ግን እስከዛሬ ይቆጨኛል።"

"ልጅዎ ሰግዳለች" ብቻ አልኩ። አዎ፣ አየኋት አሉ።

ሐያትን ደግሜ ኳልኳት፤ የሙሽራው ሰዎች ሳይደርሱ ጨረስኩ። ዕቃዬን ልሰበስብ ስል እትዬ ሞሚና በሩን ገርበብ አደረጉና ወንበሩን ስበው ፊቴ ተቀመጡ።

"ለዐስር ሶላት ታስለቅቂልኛለሽ" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።