ሳይቀዘቅዝ አይመረመርም

ለተከበሩ የሞተር ሳይክል አስመጪው ድርጅት የደህንነትና ቅሬታ ሰሚ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ፣ ከወንበርዎ ጀርባ ያለው የአየር ማቀዝቀዣም ባለፈው እንዳየሁት ያለ ዕረፍት እየሠራ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ያን ዕለት ቢሮዎ ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ በተከፈተው በር የወጣው ቀዝቃዛ አየር ፊቴን ሲነካኝ፣ ድርጅትዎ ስለ ማቀዝቀዝ አንዳች አያውቅም የሚሉት ሰዎች ሐሜተኞች መሆናቸውን ተረድቻለሁ። በሩ ወዲያው ስለተዘጋ ብዙም አልበረደኝም።

ደጅ የሚጠናዎ ሰው ብዙ ነውና ሊረሱኝ ስለሚችሉ ማንነቴን ላስታውስዎ። ከዳገቱ ሥር ባለው ጤና ጣቢያ የቁስል ማጠቢያ ክፍል ነርስ ነኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥራዬ የሰው ቁስል ማጠብና ማሰር ነው። ባለቤቴ ፖስተኛ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ደስ ብሎን የገዛናት፣ እሱ ደብዳቤ የሚያድልባት፣ እኔም በተራዬ ወደ ሥራ የምሄድባት ቀይ ሞተር ሳይክል የእናንተ ናት። ይህን ደብዳቤ በደህናው ጊዜ ቢሆን ኖሮ ባለቤቴ ራሱ አምጥቶ እጅዎ ላይ ያኖርልዎት ነበር፤ አሁን ግን በጋዜጣ እንዲደርስዎ ግድ ሆኗልና፣ ጊዜዎን እንዳልሻማ ጉዳዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ስለ ሙቀቱ። ሞተር ሳይክሎቻችሁ ዳገቱን ሲጀምሩ ደህና ናቸው፤ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ሲደርሱ የተቃጠለ ዘይት ይሸታሉ፣ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ደግሞ ጉልበት ይከዳቸውና መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ። ስለዚህ ሁላችንም ሦስተኛው ኩርባ ላይ ካለው የድንጋይ ግንብ ጥግ አቁመን፣ ሞተሩ እስኪበርድ ግማሽ ሰዓት ያህል መቀመጥ ልማዳችን ሆኗል፤ ቦታውንም «ማብረጃው» ብለን ሰይመነዋል። ለዚህ ከልብ ላመሰግንዎ እወዳለሁ፤ እናንተ ባትኖሩ የሒሳብ አስተማሪውን፣ የውሃ ቆጣሪ አንባቢውንና መነጽር ሠሪዋን በምን አጋጣሚ እተዋወቃቸው ነበር? አስተማሪው የተማሪዎቹን ፈተና የሚያርመው እዚያ ግንብ ላይ ተቀምጦ ነው። ቆጣሪ አንባቢውና መነጽር ሠሪዋ እዚያው ተዋውቀው ተጋብተዋል፤ የሠርጉ አዳራሽ ከዳገቱ በላይ ስለነበር ግን ግማሾቻችን የደረስነው ምሳው ካለቀ በኋላ ነው፣ ሙሽራውም ከእኛ ጋር ነበር።

ባለፈው ዓመት ደግሞ አንድ ፎቶ አንሺ መጥቶ እዚያ እንደተቀመጥን አነሳን፤ ከወር በኋላ ያ ፎቶ አደባባዩ ላይ ከቤት የሚበልጥ ሰሌዳ ሆኖ ተሰቀለ፣ ከሥሩም «የደስተኛ አሽከርካሪዎች ቤተሰብ» ተብሎ ተጻፈበት። ከግራ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። በካርቶን ሞተሩን እያራገብኩ ነበር፤ ሰሌዳው ላይ ካርቶኑን ቆርጣችሁ ስላወጣችሁት፣ አሁን ለማላውቀው ሰው እጄን የማወዛውዝ እመስላለሁ። የልጅነት ጓደኛዬ አይታኝ ምን ተገኝቶ ነው እንዲህ ደስ ያለሽ ብላ ጠይቃኛለች።

2ኛ/ ስለ እግራችን። የጭስ ማውጫው ቱቦ በቀኝ በኩል ከአሽከርካሪው ባት ጋር ተጠግቶ ስለሚያልፍ፣ ሞተሩ የጋለ ዕለት ሱሪ አልፎ ቆዳ ያቃጥላል። ባለፈው አንድ ዓመት ብቻ በእነዚህ እጆቼ ሠላሳ አንድ ሰው አክሜአለሁ፤ ሠላሳ አንዱም የተቃጠሉት ቀኝ ባታቸው ላይ፣ ከቁርጭምጭሚት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ነው። አሁን አሁን ሰው በሬን ገፍቶ ሲገባ ምን ሆነው ነው ብዬ አልጠይቅም፤ ቀኝ ሱሪዎን ወደ ላይ ያድርጉት ብቻ እላለሁ። የራሴም ጠባሳ እዚያው ቦታ አለ። ይህን ሁሉ የማንንም ስም ሳልጠቅስ ቆጥሬ በጽሑፍ ልኬልዎት ነበር፤ እርስዎም ደግነትዎ አላስችል ብሎዎት በሦስተኛው ወር መልስ ሰጥተውኛል፤ አሽከርካሪዎች ወፍራም ሱሪ እንዲለብሱ ይመከራል የሚል። ደብዳቤውን ክፍሌ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ታካሚዎቼ ፋሻው ሲፈታ እሱን እያነበቡ ይስቃሉ፤ የሕመም ማስታገሻ ባለቀብን ሳምንት በጣም ጠቅሞናል።

3ኛ/ ስለ ቅሬታ ማቅረቢያው ቅጽ። ቅሬታ የሚመዘገበው ሞተሩ ጎን ላይ ባለው ተለጣፊ የተጻፈው ባለ አሥራ ሁለት አሃዝ ቁጥር ሲሞላ ብቻ መሆኑን፣ እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ በትሕትና አስረድታኛለች። ተለጣፊው ግን፣ ክቡርነትዎ፣ የተለጠፈው ሞተሩ ላይ ነው። የእኛው በሁለተኛው ወር ጠቁሮ፣ ተኮማትሮ ረግፏል፤ «ይሞቃል፣ አይንኩ» የሚለው ማስጠንቀቂያም እዚያው ላይ ስለነበር አብሮ ተቃጥሏል። ብረቱ ላይ የተቀረጸው ሌላ ቁጥር አይሆንም ተባልኩ። ቁጥሩ በሙቀት ጠፋ ብዬ ብነግራት፣ እንግዲያው መጀመሪያ ስለ ቁጥሩ መጥፋት ያመልክቱ ብላ ሌላ ቅጽ ሰጠችኝ፤ የዚያ ቅጽ የመጀመሪያ መስመር ደግሞ ቁጥሩን ይጠይቃል። ሁለቱንም ቅጽ ይዤ ወጣሁ። ስለዚህ በዓመታዊ መግለጫችሁ ስለ ሙቀት አንድም የተመዘገበ ቅሬታ የለም ማለታችሁ ውሸት አይደለም፤ በናንተ ቤት ቅሬታ ማስመዝገብ የሚችለው ሞተሩ የማይሞቅበት ሰው ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ቅሬታ የለውም።

4ኛ/ ስለ ምርመራው። ሞተር ሳይክላችንን አራት ጊዜ ወደ ጋራዣችሁ ወስደናል። ቀጠሮው ሁለት ሰዓት ነው ይባላል፣ ተራ የሚደርሰው አምስት ሰዓት ተኩል ነው። በመጠበቂያው ክፍል ውስጥ ስድስት የፕላስቲክ ወንበሮችና አንድ የፕላስቲክ አበባ አሉ፤ ከአበባው በላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈውን ማስታወቂያ ብዙ ስለተቀመጥኩ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «ለሠራተኞቻችን ደህንነት ሲባል ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ አይመረመርም።» ለሠራተኛ እንዲህ የሚያስብ ድርጅት ማየት በዚህ ዘመን ብርቅ ነው። አራት ጊዜ ቀዝቅዞ ተመረመረ፣ አራት ጊዜም እንከን አልተገኘበትም የሚል ወረቀት ተሰጠን፤ በአራቱም ግርጌ የፈረመው አንድ መርማሪ ነው። እኔ በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ታካሚ ትኩሳቱ ሲለቀው ተመልሶ እንዲመጣ ብነግረው ኖሮ ከሥራዬ ያባርሩኝ ነበር።

የሚቀጥለው አምስተኛ መሆን ነበረበት፤ ቁጥር ልሰጠው ግን አልቻልኩም።

ከሰባት ሳምንት በፊት ባለቤቴ የደብዳቤ ቦርሳውን ይዞ ዳገቱን ሲወጣ ዝናብ ጣለ። ማብረጃው ጣራ የለውም። እዚያ ግማሽ ሰዓት ብቀመጥ የሰው ደብዳቤ ይርስብኛል ብሎ ሳያርፍ አለፈ። ከኩርባው ትንሽ ራቅ እንዳለ ሞተሩ በራሱ ሙቀት ተጣብቆ ቀጥ አለ፣ የኋላው ጎማም አብሮ መዞር አቆመ፣ ባለቤቴም መንገዱ ላይ ወደቀ፤ የጭኑ አጥንት ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሰዎች ሲደርሱለት ቦርሳው ላይ በደረቱ ተኝቶ ነበር ያገኙት። አንድም ደብዳቤ አልረጠበም።

ትራፊክ ፖሊስ የባለሙያ አስተያየት ሲጠይቃችሁ ሞተሩ በርዶ ተላቅቆ ስለነበር፣ እንደ ደንባችሁ ቀዝቅዞ ተመረመረና እንከን አልተገኘበትም። ከዚያ ቀጥሎ በእርስዎ ፊርማ የወጣውን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፦ «አደጋው የደረሰው አሽከርካሪው በአካባቢው የተለመደውን የማቀዝቀዣ ዕረፍት ባለማድረጉ በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት ነው።» ክቡርነትዎ፣ የማይሞቀው ሞተር የሚያርፈው ከምንድን ነው? ማብረጃውን እኮ እኛ ነን ያወጣነው፣ ብልሃት ቢጠፋን። የእኛን መላ ወስዳችሁ የአሽከርካሪ ግዴታ አደረጋችሁት፣ ቀድሞ ለማስታወቂያ፣ አሁን ደግሞ ለክስ።

በዚያ ወረቀት ምክንያት የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ የባለቤቴን ፈቃድ ለመሰረዝ የፊታችን ማክሰኞ ይሰበሰባል። ፈቃድ የሌለው ፖስተኛ ፖስታ ቤቱ አያስፈልገውም። ሐኪሙ እግሩ በአምስት ወር ይጸናል ብሎናል፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራበት ሥራ ግን የሚጠብቀው አይመስልም።

እሱም ቢሆን ይቻል ነበር። የከፋኝ ሌላ ነው። ባለቤቴ አልጋው ከመስኮቱ ሥር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የሚያልፈውን ሞተር ሳይክል ድምፅ ያዳምጣል፤ የእናንተውን ከሩቅ ይለየዋል፣ ይሄ ዛሬ ሳያርፍ ነው የመጣው ይላል። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ባርፍ ኖሮ፣ ጥፋቱ የኔው ነው፣ ይላል። ማኅተም ያለበት ወረቀት አይዋሽም ብሎ የሚያምን ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የተሸከመው ማኅተም ያለበት ወረቀት ነዋ። እኔ ብዙ ቁስል አይቻለሁ፤ ይሄኛውን ግን በምን እንደማጥበው አላውቅም። ተቆጥቼ መጻፍ ነበረብኝ፣ ግን ክቡርነትዎ፣ ደክሞኛል። ቁጣም ጉልበት ይፈልጋል፣ የእኔው ደግሞ በመጠበቂያው ክፍል ወንበር ላይ አልቋል።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከማክሰኞ በፊት በመረጡት ቀን ሦስተኛው ኩርባ ላይ ይገኙልኝ፤ ሞተር ሳይክሏን አስተማሪው ነድቶ ያመጣታል፣ እርስዎም ሳትቀዘቅዝ አይተው ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ያርሙልኝ። ግንቡ ላይ የሚቀመጡበት ቦታ እንለቅልዎታለን፣ ካርቶንም አለን።

ላሳዩን ትዕግሥት፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ለሰጡን ሁለት ቅጽ፣ አራት ወረቀትና አንድ የሱሪ ምክር ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጤናና ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁልዎ፣ የማቀዝቀዣዎ ነፋስም ከጀርባዎ እንዳይለይ እየጸለይኩ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

ከግራ ሁለተኛዋ ደስተኛ አሽከርካሪ፣
የፖስተኛው ባለቤት

ከፈረምኩ በኋላ የደረሰ፦ ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ልወጣ ስል አንድ ሰው በሬን ገፍቶ ገባ፤ እንደ ልማዴ ቀኝ ሱሪዎን ወደ ላይ ያድርጉት አልኩት። ቀና ስል አራቱን ወረቀት የፈረመው መርማሪያችሁ ነው። ለሠራተኛ በሚሰጠው ቅናሽ ከእናንተው ገዝቶ ኖሯል፣ ቁስሉም ከቁርጭምጭሚቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ልክ ቦታው ላይ ነው። ቁስል እያጠቡ ነገር መፈለግ በሙያችን ነውር ስለሆነ አጥቤ አሰርኩለት። እሱ ግን ፖስተኛው የት ነው የሚኖሩት ብሎ ጠየቀኝ፣ ይዤው ሄድኩ። አልጋው አጠገብ ቆሞ፣ ጋሼ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ እኔ ሞቆ አይቼው አላውቅም ነበር አለ፤ ማክሰኞም መሥሪያ ቤቱ ድረስ መጥቼ ይህንኑ እናገራለሁ አለ። ባለቤቴ የእግሩን ፋሻ ተመለከተና፣ በዚያ እግርህ አትቁም ልጄ፣ ተቀመጥ አለው። ከዚያን ቀን ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳው አላዞረም።

ይህን ብጽፍ አለቃህ ያውቁሃል ብዬ ባስጠነቅቀው ይወቁኝ ብሎኛል። ተለጣፊህስ ብዬ ብጠይቀው ረግፏል አለኝ፤ ስለዚህ እሱም ቅሬታውን ለእርስዎ ክፍል ማስመዝገብ አይችልም። ከእሱ በፊት በዚሁ ዓመት ከዚያው ጋራዥ መጥተው ቀኝ ሱሪያቸውን ያስጠቀለልኳቸው ሌሎች ሠራተኞችዎ ግን እንድጽፍ ስላልፈቀዱልኝ፣ ስለ እነሱ አንድም ቃል አልጽፍም።