የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍና የቀኙ ጊታር

ለክቡር አቶ ስመኘው
የሰፈራችን መረዳጃ እድር ሊቀመንበር፣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያዥና የአጣሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ
ፍኖተ ሰላም

ጉዳዩ፦ ዕቃ ቤቱ ለአንድ ቀን፣ ያውም ለሦስት ሰዓት ብቻ፣ እንዲከፈትልን ስለ መለመን

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የሐምሌው ብርድ ጉልበትዎን አልነካብዎትም? ባለፈው እሑድ ጉባኤ ላይ ስለ ጸጥታ ጥቅም በድምፅ ማጉያ አርባ ደቂቃ ሲናገሩ ጉሮሮዎ አንድም ጊዜ አለመድረቁን ስላየሁ፣ ሙሉ ጤነኛ እንደሆኑ ተረድቼ ፈጣሪን አመስግኛለሁ።

እኔ ዘሚካኤል እባላለሁ። ቤቴ ውስጥ በአንዲት ኮምፒውተር ሙዚቃ የምቀዳ፣ በቃለ ጉባኤው ላይ ግን «ያ የሚያጓራው» ተብዬ የተመዘገብሁ የእድሩ አባል ነኝ። የሚያጓራው የኤሌክትሪክ ጊታሬ ነው። ድምፁ ሆን ተብሎ እንዲሻክር የተደረገ ነው፤ ይህንም ስናገር ሰው ሁሉ በሐዘኔታ ያየኛል።

የምንቀዳው ዘፈን ለጋሽ ዘሩ ነው። ጋሽ ዘሩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእድራችንን ጡሩንባ እየነፉ ሰፈሩን ለለቅሶ ሲጠሩ ኖሩ። አምና ራሳቸው ሲሞቱ ጡሩንባውን መንፋት የሚችል ሰው አልተገኘምና በስልክ መልእክት ተላለፈ። ግማሹ ሰፈር የሰማው ከቀብር ከተመለስን በኋላ ነበር። ሁሉን ጠርተው የሸኙ ሰው እርሳቸው ሳይጠራላቸው መሄዳቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ በዘፈኑ ውስጥ ጓደኛዬ ኢርፋን ይዘፍናል፣ እኔ በአዳማጩ ግራ ጆሮ በኩል ጊታር እመታለሁ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ሌላ ጊታር የጋሽ ዘሩን ጥሪ ይጠራል። ያ ጡሩንባ ሻካራ፣ የተሰነጠቀ፣ አንጀት የሚበላ ድምፅ ነበረው፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይጠገን ያለ ሰው ግን አላስታውስም።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን አቀርባለሁ፤ ምስጋና አድርገው ቢያነቧቸውም አልቃወምም።

፩ኛ፦ ስለ ጥገናው። በፋሲካ ሰሞን ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ድምፅ የምታሻክረውን ትንሽ ሳጥኔን «ሰፈሩን የሚያስለቅሰው ይሄ የተበላሸ ዕቃ ነው» ብለው ይዘዋት ሄዱ፤ ለሬዲዮ ጠጋኙ ለባንተአምላክም አደራ ሰጡልኝ። ባንተአምላክ ሻካራነቱ የተፈለገ ነው ቢባል አላመነም። እስከ መጨረሻው ተከፍቶ የነበረውን የሻካራነቱን ማዞሪያ ወደ ሩብ አወረደና ተመልሶ እንዳይወጣ በሙጫ አጣበቀው። ሳጥኗን ከመለሰልኝ በኋላ ሦስት ቀን ተብሰከሰክሁ። በአራተኛው ቀን ቀድቼ ሳዳምጥ ግን አፌን ያዝሁ። እኔ ሞኙ፣ ይበልጥ ባሻከርሁት ቁጥር የሚገዝፍ መስሎኝ ነበር፤ ብቻውን ሲሰማ አንበሳ የነበረው ጊታር ከከበሮውና ቤዝ ከሚባለው ወፍራም ድምፅ ጊታር ጋር ሲገናኝ ገንፎ ሆኖ ኢርፋንን ውጦት ኖሯል። ሩብ ላይ ሲሆን የእያንዳንዱ ክር ድምፅ ለየ፣ የኢርፋንም ቃል ተሰማ። ከዚያ ወፍራሙን ድምፅ ከጊታሩ ቀንሼ ለቤዙ ተውሁለት፤ አንዱ ጊታር ግራ፣ አንዱ ቀኝ እንዲሆን ወስኜ መሀሉን ለዘፋኙ ለቀቅሁ። ድንኳን ውስጥ ሁሉም መሀል ልቀመጥ ካለ ሟቹን የሚያስታውስ አይኖርም። ይህን ለእርስዎ ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ መሀሉን ምንጊዜም እርስዎ ስለሚይዙልን እኛ ዳር ዳሩን ለምደነዋል።

፪ኛ፦ ስለ ተከፈተው በር። የቤቴ ጣሪያ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ልሙጥ ሲሚንቶ ስለሆነ ድምፁ እየተላተመ ይመለስና ማይክራፎኑ ውስጥ የገበያ ጫጫታ ይሆናል። የእድሩ ዕቃ ቤት ግን፣ ምስጋና ለቆጣቢነትዎ ይሁንና፣ ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ ያልተጣለ ሸራ እስከ ጣሪያው ተከምሮበታል። እዚያ የተመታ ድምፅ ለእርስዎ እንደቀረበ አቤቱታ ገብቶ ይቀራል እንጂ ተመልሶ አይመጣም። ቁልፉ ስለተገኘልኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ገብቼ የግራውን ጊታር ቀዳሁ። ያን በር ሰው ሲሞት እንጂ እንደማንከፍተው መዘንጋቴ የኔ ጥፋት ነው። እማማ እታለም በሩን ገርበብ ብሎ ቢያዩት፣ ከውስጥም ጩኸት ቢሰሙ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ማንን ወሰደብን?» እያሉ ደረሱ፤ ከኋላቸውም አሥራ አንድ ለቀስተኛ። ጊታሬን እንደታቀፍሁ «ኧረ ማንም አልሞተም» ብል የሚያምነኝ ጠፋ። እማማ እታለም አልቅሰው ሲያበቁ «ሻካራነቱስ የዘሩን ጡሩንባ ይመስላል» አሉና አግዳሚ ስበው ተቀመጡ። ከእርሳቸው ቀጥሎ እርስዎ ደረሱ፤ የእርስዎ አስተያየት «ዝጋው!» የሚል አጭር ነበር። በማግስቱ ቁልፉ ተቀየረ።

፫ኛ፦ ስለ ግድግዳዬ። ዕቃ ቤቱ ሲዘጋብኝ የኢርፋን እናት ወይዘሮ ናዚፋ አዘኑልኝና ከሱቃቸው ጥቅል ጨርቅና ብርድ ልብስ አዋሱኝ፤ ክፍሌን ከላይ እስከ ታች አለበስሁት። ባለፈው ቅዳሜ ከማንኩሳ ሠርግ የደገሱ ሰዎች መጥተው ሱቅ ውስጥ ያለው አነሰን ቢሉ፣ ወይዘሮ ናዚፋ «ሌላም አለኝ» ብለው ቤቴ ድረስ ይዘዋቸው ከተፍ አሉ። የግራ ግድግዳዬ ለሙሽራይቱ፣ ጣሪያዬ ለሚዜዎቹ ሆነ። የተረፈውን አንድ የደምበጫ ነጋዴ ሰኞ ወሰደው። ጋብቻው የአብርሃምና የሣራ ይሁን፤ እኔ ግን ወደ ሲሚንቶዬ ተመለስሁ፣ ዝናቡም ቆርቆሮው ላይ ሳይጠራ ከበሮ ይመታልኛል።

የግራውን ቀረጻ በኮምፒውተሩ ገልብጠህ ለምን በቀኝ አታስገባውም ይሉኝ ይሆናል። አድርጌዋለሁ። አንድ ሰው ሁለት ወንበር ላይ አይቀመጥም፤ በሁለቱም ጆሮ የሚገባው ያው አንድ ድምፅ ስለሚሆን ወደ መሀል ይመጣና ኢርፋን ላይ ይወጣል። የቀኙ በሌላ እጅ እንደገና መመታት አለበት። የጡሩንባውን ጥሪ እኔ ብዙ ሞክሬ አልመጣልኝም። ጋሽ ዘሩ በደጃፋቸው ቆመው ሲነፉ እየሰሙ ያደጉ አንድ ሰው ግን ቤቴ መጥተው በመጀመሪያው ሙከራ አወጡት፤ እንባዬ መጣ። እኒህ ሰው ሥራ አግኝተው የፊታችን ቅዳሜ ማለዳ ወደ ሐዋሳ ይሄዳሉ። እስከዚያ ካልቀዳናቸው ጋሽ ዘሩ ለሁለተኛ ጊዜ ሳይጠራላቸው ቀረ ማለት ነው።

፬ኛ፦ ስለ አጣሪ ኮሚቴው። ቁልፉን ማን እንደሰጠኝ የሚያጣራ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ መቋቋሙን፣ ኮሚቴውም አራት ጊዜ ተሰብስቦ በቆሎ እሸት መብላቱን በአክብሮት ተከታትያለሁ። በጉባኤው ላይ ቁልፍ ሰጪውን «አሳዳጊ የበደለው ነው፤ አባቱን ያገኘሁት ዕለት ልክ ልኩን እነግረዋለሁ» ማለትዎም ከጆሮዬ አልወጣም። እኔ ስም አልጠራም፤ ቁልፉን የሰጠኝን ሰው ማሳፈር አይሆንልኝም። የአባትየውን ቤት ግን አውቀዋለሁ፤ እርስዎም ለመሄድ ቢነሡ ብዙ አይደክሙም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ሐሙስ ወይም ዓርብ፣ የሚሞት ሰው ከሌለ፣ ሦስት ሰዓት እንዲፈቅዱልን እጅ ነሥቼ እለምናለሁ። በሩ ላይ «ማንም አልሞተም» የሚል ወረቀት በትልቁ እንለጥፋለን። ለባንተአምላክ ሙጫ፣ ለሸራዎቹ ክምር፣ ለአርባ ደቂቃውም ንግግር ያለኝን ምስጋና ይቀበሉልኝ፤ ዕድሜዎንም ያርዝምልን፤ ጡሩንባ ነፊ እስክናገኝ ድረስ መሞት ለማንኛችንም አይመከርም።

ከዳር ተቀምጦ በትሕትና የሚያዳምጥዎ፣
ዘሚካኤል፣ የግራው ጊታር

ግልባጭ፦
ለእማማ እታለም፣ አግዳሚያቸውን ይዘው እንዲመጡ
ለእድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን የጨመርሁት እኔ ነኝ፤ ዘሚካኤል ተው ብሎኝ ነበር። አባባ፣ ኮሚቴው ከእንግዲህ አይድከም። ቁልፉን ከካፖርትዎ የውስጥ ኪስ አውጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ጥሪውንም የምመታው እኔ ነኝ። አዲሱን ቁልፍ የት እንዳስቀመጡት አይቻለሁ፤ ግን አልነካሁትም፤ በዚህኛው ጊዜ ከእጅዎ መቀበል እፈልጋለሁ። እንግዲህ የዚያን አሳዳጊ የበደለው ልጅ አባት ሲያገኟቸው ልክ ልካቸውን ይንገሩልኝ፤ ሲጨርሱም ልጃቸው ቅዳሜ እንደምትሄድ ያስታውሷቸው። ልጅዎ ህይወት።