ፍሪዘሩ ላይ የምትቀመጠው ኦፓል

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7፣ ጠዋት

የቴፑ ክር ማድረቂያው ውስጥ ነው። ስምንት ሰዓት ይቆያል፣ ሦስቱ አልፏል። ማድረቂያው የእማዬ የቋንጣ ነው። ሁለቴ አጥቤውም በርበሬ በርበሬ ይላል።

ክር ለምን እንደምጋግር ልንገርህ፣ ደብተሬ። ሃምሳ ዓመት ገደማ የቆየ ሪል ቴፕ እርጥበት ይጠጣና ይጣበቃል። እንዲሁ ካጫወቱት ይንጫጫል፣ ይላጣል። በትንሽ ሙቀት ካደረቁት ግን ለጥቂት ጊዜ ይታዘዛል። ምናልባት ለአንዴ ብቻ። ዩኒቨርሲቲ ከተማርኩት ሁሉ እጄ የሚወደው ይሄን ነው።

ክሩ የሚ/ር ዌንደል ነው። እማዬ በሳምንት ሦስት ቀን ዋይንላንድ ፓርክ ሰፈር እየሄደች የምትንከባከባቸው አዛውንት። አልቶ ሳክስፎን ተጫዋች ናቸው። ኖታ ሳያዩ፣ ምት ሳይቆጥሩ፣ እዚያው በዚያው እየፈጠሩ መጫወትን በዚህ ከተማ ከጀመሩት አራት ሰዎች አንዱ። ክለቦቹ አንዴ ያስጫውቷቸውና ሁለተኛ አይጠሯቸውም። ስለዚህ ቤዝመንታቸው፣ ከቤቱ ስር ያለው ክፍል ውስጥ ተጫወቱ። ሦስቱ አሁን የሉም። ከሦስቱ አንዷ ሚስታቸው ኦፓል።

ቤዝመንቱ ውሃ ሲገባው ቴፕ ሁሉ ጠፋ። ይሄ አንዱ ፎቅ ላይ ስለነበር ተረፈ። ኦፓል ያለችበት ብቸኛው። ማጫወቻው ከተበላሸ ወዲህ አልሰሙትም። ልባቸው ደክሟል። አንዴ ልስማት፣ ከዚያ በኋላ እንደፈለገ፣ አሉኝ።

ምን እንደምትጫወት አልጠየቅኩም። ሳጥኑ ላይ ያለው የሦስት ሰው ስም ነው። ሳክስ፣ ቤዝ፣ ከበሮ። ስሰማ አውቃታለሁ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8፣ እኩለ ቀን

ሆነልኝ። ሠላሳ አንድ ደቂቃ፣ አንዴ ሳይበጠስ።

መጀመሪያ ላይ ግን እምምታ ነበር። ከስር፣ ወፍራም፣ የማያቋርጥ፣ የድሮ ቤት ኤሌክትሪክ ድምፅ ነው አልኩ። መምህራችን አንድ ነገር ደጋግሞ ይነግረን ነበር። መጀመሪያ እንዳለ ቅዱ፣ ማጽዳት በኋላ። አውቃለሁ። ግን ከሰዓት ሪከንባከር መጋዘን ሺፍት አለኝ። አንድ ቤተ መጻሕፍት የድምፅ ክፍል ውስጥ ሥራ አፕላይ ላደርግ ነው፣ ናሙና መላኪያው ዛሬ ያበቃል። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ጎበዝ መሆኔን ማየት ፈለግኩ። የድምፅ ማጣሪያውን ወደ ኮምፒውተሩ መግቢያው ላይ ሰካሁት፤ የሚቀዳው የተጣራው ብቻ ነው። እምምታው ጥፍት። የቀረው ጥርት ያለ፣ እንደ ታጠበ መስታወት።

ሳክሱ እንደ ሰው ይከራከራል። ቤዙ ይፋቃል። ከበሮው ይመጣል፣ ይቀራል፣ ይመጣል። እማዬ ከኪችን ሆና ስትሰማ ቆየች። ዘፈን ቢሆን ከቤቴ አስወጣው ነበር አለች፤ መዝሙርም አይደል፤ የድስት ክዳን ከመደርደሪያ ሲወድቅ ጌታ በየትኛው እንደሚመድበው እንጃ። በሳቅ ሞትኩ።

ክሩ ሲያልቅ ማሽኑ ላይ ቡናማ ዱቄት ቀረ። ለአንዴ ታዘዘኝ፣ በቃኝ።

ኦፓልን አላገኘኋትም። መሣሪያው ሦስት ብቻ ነው። ቅዳሜ እጠይቃለሁ። ናሙናውን ላክሁ። ሺፍት ረፈደብኝ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11፣ ከሰዓት

አሁን ከሚ/ር ዌንደል ቤት ተመለስን።

ላፕቶፔን አልጋቸው አጠገብ አስቀምጬ አጫወትኩላቸው። እማዬ እግራቸውን እያሸች ነበር። ሳክሱ ሲጀምር ሳቁ። ያን ጊዜ ችኩል ነበርኩ አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ላይ አነሱ። አሁን ትሰሚያታለሽ አሉኝ። ጠበቅን። ጣታቸው እንደተነሳ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ብርድ ልብሱ ላይ ወረደ።

ኦፓል የት አለች? አሉ።

ምን እንደምትጫወት ገና ያኔ ጠየቅኩ። ካለፈ በኋላ። ነገሩኝ። ፒያኖ አልነበራቸውም። ቤዝመንቱ ውስጥ ትልቅ ፍሪዘር ነበር፣ ቀን ከሌት እምም የሚል። መሣሪያቸውን የሚያስተካክሉት በሱ ድምፅ ነው። ኦፓል ፍሪዘሩ ላይ ትቀመጥና አፏን ዘግታ አብራው እምም ትላለች። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንድ ድምፅ። ሌሎቹ የፈለጉበት ይሄዱና ወደ እሷ ይመለሳሉ። እንግዳ ሰው መኖሯን አያውቅም፣ ዝም ስትል ብቻ ነው ምን እንደጎደለ የሚገባው። ስምሽን ሳጥኑ ላይ ልጻፍ ቢሏት እኔ ቤቱ ነኝ፣ ቤት አይጻፍም ብላ ስቃለች።

ማጣሪያው የሚያጠፋው ልክ የኤሌክትሪኩን ድምፅ፣ ፍሪዘሩ የሚለውን ያንኑ እምም፣ ከሱ በላይ ካሉት እጥፎቹ ጋር ነው። እሷ ደግሞ ልክ በሱ ላይ ተስተካክላ።

ቴፑ አርጅቷል አልኳቸው። አንዳንዱ ድምፅ ይጠፋል አልኩ። እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ማሸቷን ቀጠለች። 

እሑድ፣ ኦክቶበር 12፣ ከቤ/ክ መልስ

እንደገና ጋገርኩት። እንደገና ጫንኩት። ያለ ማጣሪያ።

ጮኸ። እንደ ብሬክ ጮኸ። አቆምኩት። ክሩን ወደ መስኮቱ ሳነሳው ብርሃን ያሳልፋል። ባዶ ፕላስቲክ። ድምፁ ማሽኑ ላይ ነው ያለው፣ ቡናማ ዱቄት ሆኖ። በጣቴ ነካሁት።

ኦፓል፣ በክሩ ላይ የእኔ እኩያ ነሽና አንቺ ልበልሽ። አንድ ጊዜ ብቻ መጣሽ። በር ላይ ቆሜ የመለስኩሽ እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

እማዬ ከሥራ መጣች፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ተናገረች። ጋሽ ዌንደል ምግብ እምቢ ብለዋል። ምናልባት ያን ቀን ኦፓል አልነበረችም ይሆናል አሏት። ምናልባት ሌላ ቀን ነው፣ እኔ ነኝ ያቀላቀልኩት። እርጅና ነው አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ ፍሪዘሩ ላይ መቀመጧንስ ማን ያውቃል፣ እንዲህ እያልኩ ለሰው ሳወራ ኖሬ ይሆናል።

ይሄን አላሰብኩትም። ድምፅዋን ብቻ የወሰድኩባቸው መስሎኝ ነበር።

እማዬ ጠየቀችኝ፣ ቴፑ ነው ያጠፋት? አዎ አልኩ። ለሁለተኛ ጊዜ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16፣ ማታ

ደብተሬ፣ ያደረግኩትን ስማ።

ማይክ ፍሪጃችን ላይ አሰርኩ። ያው አገር ነው፣ ያው ኤሌክትሪክ፣ ያው ድምፅ። ከጎኑ ተቀምጬ አፌን ዘግቼ እምም አልኩ። ከተቀዳው ስር አስገባሁት። ገጠመ። ሳክሱ ሄዶ ሲመለስ የሚመለስበት አገኘ። ሙዚቃው የገባኝ ገና ያኔ ነው፣ በሐሰት። አለቀስኩ፣ ደግሞ ደስ አለኝ። ቅዳሜ ወስጄ ኦፓል ተገኘች ልላቸው አሰብኩ።

እማዬ እጇን እየጠረገች መጣች። ይቺ ማናት አለች። እኔ ነኝ አልኩ። ያኔ ሁሉንም ነገርኳት፣ ማጣሪያውን፣ ውሸቱን፣ ሁሉን። እንደምትቆጣ ጠብቄ ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ቤቲ፣ ሰውዬው አርባ ዓመት አብረዋት ተኝተዋል። ትንፋሿን እንኳ አያውቁም ብለሽ ነው?»

ትንፋሽ። ሺፍት እስኪደርስ ይሄ ቃል አልለቀቀኝም። የእኔ እምምታ ትንፋሽ የምወስድበት ቦታ ያስፈልገዋል፣ እሱን ላስተካክል የተቀዳውን ከፍ አድርጌ በማዳመጫ ሰማሁ። አንድ ቦታ ላይ እኔ ከመተንፈሴ በፊት ሌላ ሰው ተነፈሰ።

የራሴን አጠፋሁና ደግሜ ሰማሁ። የቴፕ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ነው ብዬ ያለፍኩት ነው። አጭር፣ በአፍንጫ። ከዚያ ረጅም ምንም። ከዚያ ደግሞ አጭር ትንፋሽ። ማጣሪያው እምምታውን ወሰደ እንጂ ትንፋሹን አያውቀውም። ሠላሳ አንዱንም ደቂቃ አለች። ትተነፍሳለች፣ ከዚያ እኔ የቆረጥኩት ዝምታ፣ ደግሞ ትተነፍሳለች።

የእኔን የማስገባበት ቦታ የለም። ተይዟል። የሠራሁትን ዲሊት አደረግኩ።

መጋዘኑ ውስጥ ብሬክ ላይ ኢሜይል አየሁ። ቤተ መጻሕፍቱ። እንዲህ ጥርት ያለ ሥራ ከጀማሪ አላየንም፣ ለኢንተርቪው ነይ። ካርቶን ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ያለፈው ሳምንት ቢሆን እዘል ነበር።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18፣ ከሰዓት

ነገርኳቸው።

እማዬ ከክፍሉ አልወጣችም፣ አላገዘችኝምም። ቆሜ ነገርኳቸው። ያን ቀን ነበረች፣ እርስዎ አልተሳሳቱም፣ ያወጣኋት እኔ ነኝ፣ መልሼ ላመጣት አልችልም። ቴፑ ነው ያልኩት ውሸት ነው።

 ከዚያ ስለ እኔ ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር ጠየቁ። እርግጠኛ ነሽ ያን ቀን ነበረች? ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግኩ፣ ትንፋሾቹን አሰማኋቸው። በመጀመሪያው አልገባቸውም። በሁለተኛው ፊታቸው ተለወጠ። ደረታቸው ከእሷ ጋር መውጣትና መውረድ ጀመረ፣ ደካማው ደረታቸው፣ እኩል ሊሄድ እየሞከረ። አልቻለም። እሷ ከአንዱ ትንፋሽ እስከ ሌላው ረጅም ትቆያለች።

ይቅርታ አላደረጉልኝም፣ ደብተሬ። ልጽፍልህ ብፈልግም አላደረጉልኝም። ዓይናቸውን ሳይገልጡ ሂጂ አሉኝ። ማዳመጫውን ላነሳ እጄን ስዘረጋ እጄን ያዙት። እሱን ተዪው።

መኪናዬ ውስጥ ነኝ። በራቸው ፊት ፓርክ አድርጌ። ሞተሩን አላስነሳሁትም።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

እማዬ እሳቸው ቤት ደውላ ጠየቀች። ትናንት ማታ ሾርባውን ግማሽ ጠጥተዋል። እኔን አልጠሩም። ማዳመጫውን አላወለቁም።

ለቤተ መጻሕፍቱ ጻፍኩ። ናሙናው የተበላሸ ነው፣ በውስጡ ያለችውን ሰው አጥፍቻለሁ፣ የወደዳችሁት ጥራት እሱ ነው። ከፈለጋችሁ መጥቼ እንዴት እንዳጠፋሁ እነግራችኋለሁ። ላክሁት። አልመለሱም፣ እሑድ ነው።

ባዶው ክር ሳጥኑ ውስጥ ነው። አልጥለውም። በሳጥኑ ጀርባ ላይ የሦስት ሰው ስም አለ፣ ከነሱ በላይ ቦታ አለ፣ ለሁለት መስመር የሚበቃ። እሷ አይጻፍም ብላለች፣ አውቃለሁ። እኔ ግን እጽፈዋለሁ። የእስክሪብቶው ቀለም አይለቅም፣ መጀመሪያ እዚህ አንተ ላይ ልሞክረው፣ ደብተሬ።

ኦፓል፣ ድምፅ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለች። የምትሰማው ትንፋሽ ስትወስድ ብቻ ነው። ያጠፋኋት እኔ፣ ቤተልሔም