ለቨርና ያላልናት

ልጄ ማርሊስ፣ በሄድሽበት ሁሉ ጌታ ከፊትሽ ይቅደም። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽ ብቻ ጉልበቱን ያማርራል።

ጎረቤታችን ቨርና የበረንዳችን መደገፊያ ተገንጥሎ ወድቃ ወገቧን ተሰብራ የከሰሰችን ክስ አለቀ። የቤቱ ኢንሹራንስ ለካሳዋ አልበቃም፤ የጎደለውን የሞላልን ከእሱ በላይ የገባነው፣ ጃንጥላ የሚሉት ተጨማሪ ኢንሹራንስ ነው። እሱ ባይኖር ቤታችን ይሸጥ ነበር። አንቺም እንግዳ ከመጥራትሽ በፊት እንዲህ ያለውን ኢንሹራንስ ግቢ።

ጠበቃው ግን «ክሱ እስኪያልቅ ይቅርታ እንዳትሏት፤ ጥፋተኛ ነን ማለት ይሆንባችኋል» ብሎን ነበር። ስንት ጊዜ በደጇ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ! ትናንት የኮክ ኬክ ይዤ ሄድኩና «ቨርናዬ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። «አንቺ ሴትዮ፣ አሁን ነው የምትመጪው?» ብላ ከተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና እጄን ያዘችኝ።

ጌታ ክፉ አያሳይሽ። እባክሽ አንቺም ደውይላት፤ ከእንግዲህ ይቅርታ ማለት ተፈቅዶልናል።

እናትሽ