ስለ ሰባተኛው ቀንና ጥፋተኛ ስለተባለው አመድ

ወንድም ጋሼ፣ ከመቃብርህ ሆነህ እንዳትቀየመኝ። ለሹም ሲጻፍ ሰላምታ ይቀድማል ብለህ ያስተማርከኝ ራስህ ነህ፤ ትንሽ ታገሠኝና እሳቸውን ላስቀድም።

ለተከበሩ የግንባታ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የሚቀመጡበት ቢሮ ጣሪያ ዘወትር የጸና እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ገና ተማሪ የሆንኩ፣ አርማታ ሲያደባልቅ የኖረው ሟች ሠራተኛ ታናሽ ወንድም ነኝ። የአደጋውን ምርመራ ውጤት በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ስላወጡልን አመሰግናለሁ። «መንስኤው ሟቹ ከሲሚንቶ ጋር የቀላቀለው አመድ ነው» የሚለውን መስመር ለእናታችን ያነበብኩላት እኔ ነኝ።

፩. ከሲሚንቶው ሩብ ያህሉ ቀርቶ፣ ከድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫው ጭስ በሚሰበሰበው ደቃቅ አመድ ይተካ ብለው ያዘዙት እርስዎ ስለሆኑ በቅድሚያ ምስጋና ይገባዎታል። ወንድሜ ትእዛዙን ወዶት ነበር። ጓደኞቹ «አመድ አፋሽ» እያሉ ሲያበሽቁት፣ «ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክር፤ ከጠነከረ ግን ማንም አይችለውም፤ ልክ እንደ ታናሼ» ይላቸው ነበር።

፪. ቀስ ብሎ ስለሚጠነክርም፣ ሶሌታውን፣ ማለትም የአርማታውን ጣሪያ፣ ከሥር የደገፉት እንጨቶች አርማታው ከተሞላ እስከ አሥራ አራተኛው ቀን እንዲቆዩ በጽሑፍ ለመነ። ድብልቁን የቀየረው ጽሕፈት ቤትዎ የቀን ሰሌዳውን መቀየር ዘንግቶ፣ እንደ ልማዱ በሰባተኛው ቀን ይነሱ የሚል መልስ በክብ ማኅተም አስጊጦ ስለላከለት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በሰባተኛው ቀን ሁለት አናጺዎች እንጨቱን መንቀል ሲጀምሩ፣ ወንድሜ ውጡ እያለ እየጮኸ ገባ። ሁለቱም ወጡ። ሶሌታው እሱ ላይ ወረደ።

፫. ከዚያው ድብልቅ የተወሰዱት ናሙናዎች በሃያ ስምንተኛው ቀን ሲፈተኑ ከተፈለገው ጥንካሬ በላይ ሆነው ተገኝተዋል። ቅጂውን የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ሰጥታኛለች፤ ለእርስዎም ልካለች። ሥራ ስለሚበዛብዎ እንዳላነበቡት ይገባኛል። ወንድሜ ከተቀበረ ሦስት ሳምንት አልፎታልና እሱም አይቸኩልም።

እናታችን ግን «ታዲያ ልጄ ራሱን በራሱ ነው የገደለው?» ብላ ጠይቃኛለች። አይደለም አልኳት። ወረቀቱ ማኅተም አለው፣ የኔ አፍ ግን የለውም። ስለዚህ የምለምንዎ ያችን አንዲት መስመር እንዲሰርዙልን ብቻ ነው።

አንድ አመድና አንድ ሟች ወንጅሎ በሕይወት ያለውን ሹም ሁሉ ነጻ ላወጣው ብዕርዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
የሟቹ ታናሽ ወንድም

ተጨማሪ፦ ቁጥጥር የሚባለው ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ድንገት ለማወቅ ቢሹ ልንገርዎ። በቀብሩ ማግስት፣ ከወንድሜ ጋር በምንተኛበት ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነቃሁና ወደ ግንባታው ሄድኩ። ዘበኛው አየኝና በሩን ከፈተልኝ። ሳይወድቁ የቀሩት አሥራ ሁለት ምሰሶዎች የተጠቀለሉበት ጆንያ ደርቆ ነበር። ገና የሚጠነክር አርማታ መድረቅ እንደሌለበት የሚያስታውስ ሰው ከጽሕፈት ቤትዎ ስላልመጣ፣ ባልዲ ፈልጌ አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ አጠጣኋቸው። ከዚያ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ እንደራሰ ትምህርት ቤት ገባሁ።