ሰባት ቅዳሜ ለአንድ ቀሚስ

ዮል፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ውድ እማዬ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ የት እንደምትቆሚ አውቃለሁ። ፊትሽ እስከ ጆሮሽ እንደሚቀላም አውቃለሁ። ይበልሽ! እኔ አሁን ከሰዓት ማማው በታች መኪናዬን አቁሜ፣ ዝናቡ መስታወቱን እየደበደበው ነው የምጽፍልሽ። ቤት መጥቼ ብናገር እጮሃለሁ፤ ብጮህ ደግሞ አንቺ ተነስተሽ ሻይ ትጥጃለሽ፤ ነገሩም እዚያው ይቀራል።

መጀመሪያ «ቤት ወስዶ መሞከር» የሚባለውን ልማድ ያመጣብንን ሰው እግዜር ይይለት። የዚህ አገር ባለሱቅ ሁሉ ምነው እንዲህ ደግ ሆነ? ቀሚሱን በወረቀት ጠቅልሎ በእምነት ይሰጥሻል፤ በራስሽ መስታወት ታዪዋለሽ፤ ጎረቤት ጠርተሽ ታስተቺበታለሽ፤ ሰኞ ትመልሺዋለሽ። ሌላው ሰው አንዳንዴም ቢሆን ይገዛል። አንቺ ግን ሰባት ቅዳሜ አሥራ አራት ቀሚስ ወሰድሽ፣ አሥራ አራቱንም መለስሽ። የእኔ ሠርግ ነው እንጂ ጳጳሱ ከሮም አልመጡ!

ከዱንጋርቫን ከተማ ያመጣሽውን አረንጓዴ «ይሄንን ለብሼ ልቀበር ነው እንዴ?» አልሽ። የሚድልተኑን ግራጫ «ይሄንንስ ቄሱ ይልበሰው!» አልሽ። እሱስ ይሁን፤ ሱቁ በር ለመድረስ የምናየው አሳር ይብሳል። ከዓሣ ሻጩ እስከ ፖስታ ቤቱ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም፤ ከአንቺ ጋር ግን አንድ ሰዓት ይፈጃል። ማን እንደሞተ፣ የማን የዳሌ አጥንት በኦፕሬሽን እንደተቀየረ፣ የማን ልጅ ከእንግሊዝ እንደተመለሰ ሳይጣራ አይታለፍም። እኔ ዣንጥላ ይዤ እንደ ግንድ ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ። ቀጥሎ ሻይ ቤት። «አይ፣ እኔስ ይቅርብኝ» ትያለሽ፤ ሦስት ጊዜ ተለምነሽ ማንቆርቆሪያውን ሙሉ ትጨርሺዋለሽ። እውነት እማዬ፣ ጨጓራዬን ልጠሽዋል።

ያለፈው ቅዳሜ ግን ባሰ። ከሚድልተን ባዶ እጃችንን ስንመለስ መሪውን እንደያዝኩ ደሜ ፈላ።

«ማላኪን ስለማትወጂው ነው! አግብቶ እዚያ ዶኒጎል ድረስ ስለሚወስደኝ ነው! ሠርጌ ላይ አልመጣም በይና ይለይልን!»

አንቺ በመስኮት ላሞቹን አየሽ።

«ድንች ጥብስ ቤቱ ጋ አቁሚልኝ» አልሽ። «ርቦኛል።»

ባሕሩ ዳር አቁመን ድንቹን በኮምጣጤ በላን። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ስትይ ነው ያሳደግሽኝ፤ ያን ዕለት አፍሽ ድንች ሞልቶበት ነበር። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። በአርባ አንድ ዓመቴ፣ አባቴ በሌለበት፣ አንቺም የማትቀመጪበት ቤተ ክርስቲያን ታየኝ። ለማላኪ ስደውልለት «የወጥ ቤት ሽርጧንም ለብሳ ትምጣ፣ ብቻ ትምጣ» አለኝ። የምትጠዪው ሰው ይህ ነው እንግዲህ።

ዛሬ በምሳ ሰዓቴ እዚሁ ዮል እትዬ ፊሎሚና ልብስ ሱቅ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቅዳሜ የወሰድሽው ሰማያዊ ትዝ ብሎኝ ነው፤ «ክንዴን ያወፍረዋል» ብለሽ የመለስሽው። እኔው ገዝቼ፣ ግድ ብዬም ቢሆን ላለብስሽ አስቤ ነበር።

«እትዬ ፊሎሚና፣ ያ ሰማያዊ ቀሚስ ተሸጠ እንዴ?»

«የቱ ሰማያዊ?» አሉ፣ የተጣጠፈውን ሹራብ እንደገና እያጣጠፉ።

«እናቴ የመለሰችው ነዋ።»

«ውይ ልጄ፣ ተይኝ። እንዳልናገር አስምላኛለች።»

«ምኑን?»

ቆሜ ቀረሁባቸው። በመጨረሻ አማትበው የጓዳውን መጋረጃ ገለጡት። ቀሚሱ ተሰቅሏል። ግርጌው በልክሽ አጥሯል። ደረቱ ላይ ስምሽ ያለበት ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

«ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ባለው ሰኞ ነው የመጣችው» አሉኝ። «‹ፊሎ፣ የምለብሰው እሱን ነው፤ አሳጥሪልኝና ደብቂልኝ› አለችኝ። ‹ምነው?› ብላት ‹ቀሚሱ ተገዛ ማለት ቅዳሜዬ አለቀ ማለት ነው። ብሪዳ ከሄደች ማን ይዞኝ ይዞራል?› አለችኝ። ከዚያ ወዲህማ አንዱኑ ቡናማ ቀሚስ ሁለት ጊዜ ወስዳ ሁለት ጊዜ መልሳዋለች። አንቺ አላወቅሽም እንጂ።»

መጀመሪያ ተናደድኩ። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ዝናብ! ቀጥሎ ግን ቡናማው ቀሚስ አንጀቴን በላው። ሁለት ጊዜ በእጄ ተሸክሜ መኪና ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አላየሁትም። የማየው ሰዓቴን ነበር። እትዬ ፊሎሚና ሻይ ላፍላልሽ አሉኝ፤ ሦስት ጊዜ «ይቅርብኝ» ብዬ ጠጣሁ። የማን ልጅ ነኝ?

እማዬ፣ እኔም ቅዳሜን እየፈራሁት ነበር። ከሠርጉ በኋላ ያለውን ማለቴ ነው፤ አንቺ የሌለሽበትን። እንዳንቺ ብልሃት ስለሌለኝ ጮህኩ።

ቀሚሱን እዚያው ትቼዋለሁ። ይህንን ደብዳቤም ስጨርስ ተመልሼ ስምሽ ካለበት ወረቀት ጋር በመርፌ ቁልፍ አያይዘዋለሁ፤ የሠርጉ ዋዜማ ቀሚሱን ልትወስጂ ስትመጪ ታገኚዋለሽ። የፊታችንን ቅዳሜ ግን ምንም እንዳልሰማ ሆኜ በአራት ሰዓት እመጣለሁ። ዱንጋርቫን እንሄዳለን። የቀረቡልሽን ሁሉ አጣጥዪ፤ እኔም እነጫነጫለሁ፣ አለዚያ ትጠረጥሪያለሽ። የእጅ ሰዓቴን ብቻ ቤት ትቼው እመጣለሁ።

ሌላም አለ። በየወሩ የመጀመሪያውን ቅዳሜ ከዶኒጎል እመጣለሁ፤ የእኔ መኪና ለዚያ ሁሉ መንገድ ስለማትሆን፣ ማላኪ አሁን በስልክ የእሱን ሊሰጠኝ ቃል ገብቷል። የብርድ ካፖርትሽ ገበሩ አልቋል፤ አዲስ ያስፈልግሻል። የትኛውንም ሱቅ ዞረን፣ የፈለግሽውን ወስደሽ፣ የፈለግሽውን መልሺ።

ብቻ አደራሽን፣ ቶሎ እንዳትገዢ።

ያስመረርሽኝ ልጅሽ፣
ብሪዳ